በቤት ለተሠራ የባትሪ ቻርጀር ስንት አምፔር ፊውዝ?

ደብረ ብርሃን ሆነው ለ12 ቮልት የመኪና ባትሪ በሠሩት ቻርጀር ላይ ስንት አምፔር ፊውዝ እንደሚገባ ጠይቀዋል፤ ትራንስፎርመርዎም 220 ቮልትን ወደ 15 ቮልት የሚያወርድ፣ 10 አምፔር የሚችል መሆኑን ገልጸዋል። አንድ ፊውዝ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልግዎታል።

15 ቮልት በ10 አምፔር ሲባዛ 150 ይሆናል፤ ይህ ለ220 ሲካፈል ከመስመሩ የሚሳበው ወደ 0.7 አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ በመግቢያው በኩል 250 ቮልት የተጻፈበት ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ይግጠሙ፤ ትራንስፎርመር ሲበራ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ይሁን። የመኪና ፊውዝ በአብዛኛው ለ32 ቮልት የተሠራ በመሆኑ እዚህ ቦታ ፈጽሞ አይግባ።

ሁለተኛው፣ በባትሪው በኩል የሚገባው ፊውዝ፣ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነውና። ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል) ተበላሽቶ ሻርት ቢያደርግ ወይም ሽቦዎቹ ቢነካኩ፣ ባትሪው ራሱ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ወደ ኋላ ይለቃል፤ ያን ጊዜ የመግቢያው ፊውዝ ሽቦውን ከመጋየት አያድነውም። በፖዘቲቭ ሽቦው ላይ፣ ከባትሪው ጫፍ በጣም ሳይርቅ፣ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ ሽቦውም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። በዳዮድ በኩል የሚያልፈው ጅረት ትራንስፎርመሩን ከሚታየው በላይ ስለሚያሞቀው፣ የሚሞሉበት መጠን ከ6 አምፔር ባይበልጥ ይመረጣል። ፊውዙ ከተቃጠለ ምክንያቱን ይፈልጉ እንጂ፣ እባክዎ በመዳብ ክር አይተኩት።