ፕሮፌሰሮቹ መልስ የነፈጉኝ በስሜ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምኖር የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ። በመተማ የቀን ሠራተኞች መካከል በካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፍ በሽታ) ላይ የጀመርኩትን ምርምር አሜሪካ በዶክትሬት ለመቀጠል ለበርካታ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ብልክም አብዛኞቹ አልመለሱልኝም። እዚያ የሚማረው የአክስቴ ልጅ «ስምሽን አይተው ነው፤ የፈረንጅ ስም ተጠቀሚ» ይለኛል። እውነት ነው? ቦታ ባገኝስ ከአማካሪዬ ምን ልጠብቅ?
(መምህርት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ የአክስትዎ ልጅ ጥርጣሬ መሠረት የለሽ አይደለም። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ259 ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያስተምሩ ከ6,500 በላይ ፕሮፌሰሮች፣ ለዶክትሬት ከማመልከት በፊት አጭር ቀጠሮ የሚጠይቅ፣ ከላኪው ስም በቀር ይዘቱ አንድ የሆነ ደብዳቤ ልከው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የነጭ ወንድ ስም የያዘው ደብዳቤ ከሴቶች፣ ከጥቁሮችና ከሌሎች አናሳ ወገኖች ደብዳቤ ይልቅ ብዙ ጊዜ መልስ አግኝቷል፤ አድልዎው በግል ዩኒቨርሲቲዎችና ከፍተኛ ደመወዝ በሚከፈልባቸው ሙያዎች በርትቷል። የሚገርመው፣ ጥቁር አመልካች ለጥቁር ፕሮፌሰር መጻፉም አልጠቀመውም።

ለእርስዎ ያልመለሰው እያንዳንዱ ሰው በዚህ ምክንያት ዝም አለ ማለት ግን አይቻልም። ስም መቀየሩን አልመክርም፤ ከፓስፖርትዎና ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር የማይገጥም ስም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ይልቁንም በመተማ የቀን ሠራተኞች መካከል ያዩትን፣ ሌላ አመልካች ሊጽፈው የማይችለውን ነገር በመጀመሪያው መስመር ያስቀምጡት።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ከቅበላ በኋላ ያለው ነው። የአማካሪ አድልዎ በስድብ መልክ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የጻፉት ምዕራፍ ሳይነበብ ሳምንታት ሲያልፉ፣ የጋራ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ሌላው ተማሪ ሲጋበዝ፣ ወይም ጠንካራ ትችት በሚያስፈልግበት ቦታ «እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ነው የሚታየው። እኛ ደግሞ የኔታን አክብረን፣ ይሉኝታ ይዘን ያደግን ስለሆንን ዝም እንላለን፤ እዚያ ግን ዝምታው ሐሳብ እንደማጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ቦታውን ከመቀበልዎ በፊት የፕሮፌሰሩን ተማሪዎች፣ በተለይም ጥቁሮችንና አቋርጠው የወጡትን፣ ረቂቅ በስንት ጊዜ እንደሚመለስና በጋራ ጽሑፎች የማን ስም እንደሚቀድም ይጠይቁ። ትምህርቱን ሲጀምሩም አንድ ሰው ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ፤ ከመመረቂያ ጽሑፍ ኮሚቴው ወይም ከሌላ ክፍል ረቂቅዎን የሚያነብልዎ ሁለተኛ መምህር ይፈልጉ፤ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላም የተስማማችሁበትን በኢሜይል ለአማካሪዎ ጽፈው ይላኩ። ነገሩ ካልተስተካከለ አማካሪ መለወጥ የተለመደ ነው፤ ጉዳዩን ለፕሮግራሙ ኃላፊ ሲያቀርቡም እነዚያ ኢሜይሎች ማስረጃ ይሆኑዎታል።