«እኔ አይደለሁም የለጠፍኩት» ያለው አድሚን

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ 26 ዓመቴ ነው። የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ የሰፋሁትን ራሴ ለብሼ ቪዲዮ እየሰራሁ ቲክቶክ ላይ እለቃለሁ፣ ስልኬም ለትዕዛዝ ብዬ ፔጄ ላይ አለ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው ፎቶዬን ከነስልኬ ወስዶ ፊቴን የሌላ ሰው ራቁት ገላ ላይ ገጥሞ ብዙ ሺ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ለጠፈው፣ ከዛ በቃ ሌሊት ስልኬ ማረፍ አቃተው፣ የሚሉኝን ልነግርዎት አልችልም፣ አንዱማ የምኖርበትን ኮንዶሚኒየም ከነብሎኩ ጻፈው። አድሚኑን አውቀዋለሁ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ኢንቦክስ ገብቼ ስለምነው «እኔ አይደለሁም የለጠፍኩት፣ ሰው የጻፈውን ምን ላድርግ፣ ከከበደሽ ፔጅሽን ዝጊዋ» አለኝ። ወንድሜም ዝም አይነቅዝም፣ ዝጊውና ይረሳል ይለኛል። እናቴ ከማህበር ስትመለስ ሰው ነግሯት ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ጥፋቱ የኔ ነው? አድሚኑስ እውነት አይመለከተውም?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቀሚስ ሰፍቶ ለብሶ ማሳየት ስራ ነው፣ ስልክ ለደንበኛ መስጠትም ስራ ነው፣ መርካቶ ያለው ነጋዴም ስልኩን በሩ ላይ ጽፎታል እኮ፣ ማንም ግን ሌሊት እየደወለ አያዋርደውም።

የላክሽልኝን ስክሪንሾቶች አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዱ ላይ ብዙ ቆየሁ፣ ከፎቶሽ ስር አድሚኑ የሚስቅ ስቲከር ልኳል፣ ከላይ ደሞ ፖስቱ ፒን ተደርጓል። እንደዛ ባለ ትልቅ ግሩፕ ውስጥ ፒን የሚያደርገው አድሚን ነው። ታዲያ «እኔ አይደለሁም» የሚለው ነገር እዛ ጋ አለቀ፣ ሌላ ሰው የለጠፈውን ገና የገባው ሁሉ መጀመሪያ እንዲያየው አናት ላይ የሰቀለው እሱ ነው። ፒን ባያደርገውም እኮ አንቺ ራስሽ ሄደሽ ነግረሽዋል፣ ማጥፊያው እጁ ላይ ነው፣ አንድ ጣት ነው የሚፈልገው። ዕድር ላይ አንዱ ተነስቶ የሰውን ልጅ ስሟን ጠርቶ ቢሰድብ ዳኛው «ቁጭ በል» ይለዋል፣ ይቀጣዋል፣ አልሰማም ካለ ያስወጣዋል፣ «እኔ አልተሳደብኩም» ብሎ ዝም የሚል ዳኛ በሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛ ሆኖ አይገኝም።

ህጉን በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 አለልሽ። በጽሁፍ፣ በምስል ወይም በድምፅ አንቺን ወይ ቤተሰብሽን ከባድ ጉዳት እናደርሳለን ብሎ ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስላንቺ ደጋግሞ እየላከ ፍርሃትና የስነልቦና ጫና የሚፈጥር ደግሞ እስከ 5 ዓመት፣ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። አንቀጽ 16 ስለ አገልግሎት ሰጪ ነው የሚናገረው፣ ይዘቱ ህገወጥ መሆኑን እያወቀ ካላነሳ ይጠየቃል ይላል። አድሚን የሚል ቃል የለበትም፣ የሱ ጠበቃ በዚህ ሊከራከር ይችላል፣ ለዛ ነው እኔ ፒኑና ስቲከሩ ላይ የምይዘው፣ ያ የራሱ ስራ ነው፣ አንቀጽ 13ን ቀጥታ ነው የሚነካው። የጥላቻ ንግግር አዋጁ ቁጥር 1185/2012ም ጾታን ይጨምራል፣ የማህበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም የጥላቻ ንግግር ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል።

አሁን የምታደርጊው። መጀመሪያ ብሎክ እንዳታደርጊ፣ ሪፖርትም ቆይ፣ ማስረጃው ይጠፋብሻል። የግሩፑን ስም፣ ሊንኩን፣ የለጠፈውን ሰው ዩዘርኔም፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪን ሪከርድ አንሺ፣ አድሚኑ ኢንቦክስ የመለሰልሽንም አትርሺ፣ «ነግሬዋለሁ» የሚለው ማስረጃሽ እሱ ነው። የሌሊት ስልኮቹን ከነሰዓታቸው ወረቀት ላይ ጻፊ። የኮንዶሚኒየምሽን ብሎክ የጻፈውን ለብቻው አድርገሽ ለፖሊስ አሳዪ፣ እሱ ስድብ አይደለም፣ አደጋ ነው፣ እስኪረጋጋ ማታ ብቻሽን አትግቢ። ብቻሽን ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ከከበደሽ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የህግ እርዳታ ይሰጣል።

ከዛ ሪፖርት። ብዙ ሰው «ስፓም» ወይ «አልወደድኩትም» የሚለውን ይነካና ምንም አይሆንም፣ አንቺ ግን የግል መረጃ የሚለውንና ያለፈቃድ የተለቀቀ የራቁት ምስል የሚለውን ምረጪ። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ፣ ምስሉን አትልኪላቸውም፣ ከስልክሽ ላይ ሳይወጣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ኮድ ያወጣለታል፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዛ ኮድ ያግዱታል፣ የተቀነባበረ ምስልም ይቀበላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ከግሩፑ ወጥቶ ደንበኞችሽ ጋ እንዳይደርስ ያግዛል። አፑን አልነገርሽኝም፣ ቴሌግራም ከሆነ ግን ድርጅቱ ባለቤቱ ፈረንሳይ ከተያዘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ላይ፣ ህጋዊ ጥያቄ ከቀረበልኝ የአጥፊውን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ እሰጣለሁ ብሏል፣ ጥያቄው የሚሄደው ግን ካንቺ ሳይሆን ከመንግስት አካል ነው፣ ለዛ ነው የፖሊሱን ነገር የማጠብቅብሽ።

ወንድምሽ ይረሳል የሚለው ስለሚወድሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ባህር ዳር ላይ የሆነውን ንገሪው፣ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶውና የሚኖርበት ቦታ ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፣ ቤተሰቡ ሪፖርት አደረገ፣ ሰውዬው እ.ኤ.አ. ህዳር 2021 በራፉ ላይ ተገደለ። ልጁ አብርሃም የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሶ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን የማየት ስልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። አድራሻ ሲጻፍ ቀልድ አይደለም። እናትሽን ደግሞ ዝም ብለሽ ስልኩን አሳያት፣ ፊትሽ ካንገትሽ ጋ እንዴት እንደማይገጥም በጣትሽ አሳያት፣ ያሳደገችውን ገላ እሷ ታውቀዋለች።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ለሀበሻ የክራይ ቤትና ስራ መፈለጊያ ግሩፕ ከፍቻለሁ። ሴቶች «ሩም እፈልጋለሁ» ብለው ሲጽፉ ኮሜንቱም ኢንቦክሱም ሌላ ነገር ይሆንና ይወጣሉ። ስሰርዝ ደግሞ «ሳንሱር» እባላለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰርዝ። የመናገር ነፃነት የምትለው እነሱ ጋ ብቻ ነው እንዴ ያለው? ቤት ፈልጋ የጻፈችው ልጅ ዝም ብላ ስትወጣ የሷ መናገር የት ሄደ፣ ያውም ግሩፑ የተከፈተው ለዛው ነው። አንተ ያለህበት አገር እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 የወጣው ህግ እንኳ ያለፈቃድ የተለጠፈ የራቁት ምስል፣ በኤአይ የተሰራም ቢሆን፣ ጥያቄ በቀረበ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ፕላትፎርሞቹን ያስገድዳል፣ መዘጋጃ ብሎ አንድ ዓመት ሰጥቷቸው ነበር። አንተ 48 ሰዓት አያስፈልግህም።

ብቻህን አትችለውም፣ ሌሊት ስራ ላይ ስትሆን ማን ያያል? ሁለት ሴቶች አድሚን አድርግ፣ ለስም ሳይሆን የማስወጣት ስልጣን ሰጥተህ። የግሩፑን ህግ አጭር አድርገህ ፒን አድርገው፦ ስለ ቤትና ስራ ካልሆነ የሴት ኢንቦክስ የገባ ይወጣል፣ አይመለስም። ያስወጣኸውንም ለምን እንዳስወጣኸው ግሩፑ ላይ ጻፍ፣ ያኔ ሳንሱር የሚሉህ ምን እንዳጠፋህባቸው ሳይሆን ምን እንዳደረጉ ሰው ያያል። ጓደኛህም ቢሆን አስወጣው፣ ያቺ ላይ ካለፍካት ሌላው ህግ ወረቀት ነው። ከዛ የወጡትን ልጆች ስማቸውን ታውቃለህ አይደል፣ ለያንዳንዳቸው «ይቅርታ፣ ሰዎቹን አስወጥቻለሁ፣ አድሚኖቹ እነ እገሊት ናቸው» ብለህ ጻፍላቸው፣ ክፍሉን አሁንም እየፈለጉ ሊሆን ይችላል።