ታሪካዊ ፊልም ስታዩ ተቆርጦ የወጣውንም ፈልጉ

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ታሪካዊ ፊልሞችን ሳይ ነው የከረምኩት። አንዳንዶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዳንዶቹን ደግሜ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፊልም ኤዲተርነት ነው። ስለዚህ ዓይኔ በፊልሙ ውስጥ ከገባው ይልቅ ተቆርጦ የወጣውን መፈለግ ይወዳል። እናንተም ይህን ልማድ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ ያለፈውን ዘመን መጀመሪያ የምታውቁት በስክሪን ነውና።

ስለ እነዚህ ፊልሞች ሲወራ ክርክሩ ቶሎ ስሕተት ወደ መልቀም ይሄዳል። የሪድሊ ስኮት "ናፖሊዮን" (እ.ኤ.አ. 2023) ጀግናው የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት አንገቷ ሲቀላ ቆሞ ሲያይ ያሳያል። በእውነቱ ግን ቦታው ላይ አልነበረም። ጥሩ፣ ይህን አወቅን። ከዚያስ? እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለውጡ የነገሩን ምክንያት ደበቀብን ወይስ አሳየን?

"ብሬቭሃርት"ን (1995) እንውሰድ። የስተርሊንግ ድልድይ ውጊያ የተካሄደው በ1297 ነው። ስኮትላንዶቹ ያሸነፉት የእንግሊዝ ጦር በጠባቡ ድልድይ ሲሻገር ታግሰው፣ ገሚሱ ከተሻገረ በኋላ ስላጠቁት ነው። የቀረው ጦር ከወንዙ ማዶ ሆኖ ወገኑ ሲያልቅ ከማየት በቀር የሚፈይደው አልነበረም። ፊልሙ ውስጥ ግን ድልድይ የሚባል ነገር የለም። ውጊያው ሜዳ ላይ ነው። ከፊልሙ ጀግና ከስኮትላንዳዊው ዊሊያም ዋላስ ጋር ጦሩን የመራው አንድሩ ሞሪም የለም። ትዕይንቱ ደም ያሞቃል፣ አልክድም። ግን ድልድዩ ሲወጣ ቦታ መርጦ፣ ጊዜ ጠብቆ የማሸነፍ ብልሃትም አብሮት ወጣ። ድሉ የአንድ ሰው ወኔ ሆኖ ቀረ። ይህን መቁረጥ አልወደውም።

የአቶም ቦምብ ሥራን ስለመራው ሳይንቲስት የሚተርከው "ኦፐንሃይመር" (2023) ቦምቡ የተጣለባትን የጃፓን ከተማ ሂሮሺማን አላሳየም ተብሎ ተወቅሷል። በዚህ ላይ ከዳይሬክተሩ ከክሪስቶፈር ኖላን ጎን ነኝ። ባለ ቀለሙ ክፍል ሁሉን የሚያየው በሰውየው ዓይን ነው። ፊልሙ ላይ እሱ የቦምቡን መጣል የሚሰማው በሬዲዮ ነው። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። በሐምሌ 1945 የመጀመሪያው ሙከራ በተካሄደበት በኒው ሜክሲኮ አካባቢ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ፊልሙ ላይ በረሃው ባዶ ይመስላል።

ከሁሉም በላይ የነካኝ የጆናታን ግሌዘር "ዘ ዞን ኦቭ ኢንተረስት" (2023) ነው። ናዚዎች ሰዎችን በጅምላ የገደሉበት የአውሽቪትዝ ካምፕ አዛዥ ከነቤተሰቡ ከካምፑ ግንብ ሥር ይኖራል። ግድያውን አናይም፤ እንሰማዋለን። ተኩስ፣ ጩኸት፣ የማያቋርጥ የእቶን ድምፅ። ሚስቲቱ ከእስረኛ የተወሰደ የፀጉር ካፖርት ትለካለች። ኪሱ ውስጥ ሊፕስቲክ ታገኛለች። ከንፈሯን ቀብታ መስታወት ታያለች። በቃ፣ ሌላ ምንም አይባልም። እዚህ የተቆረጠው ነገር አልተደበቀብንም። እንዲያውም እያንዳንዱ ጸጥ ያለ ትዕይንት ውስጥ አለ። የድምፅ ሥራው ኦስካር ያገኘው ያለ ነገር አይደለም። እባካችሁ ይህን ፊልም ስልክ እየጎረጎራችሁ አትዩት።

ፍጥነት ጨምራችሁም አትዩ። ይህን የምለው በተለይ የስቲቭ ማክዊንን "12 ይርስ ኤ ስሌቭ" (2013) እያሰብኩ ነው። ሰለሞን ኖርዝአፕ ነጻ ሆኖ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1841 ታፍኖ ለባርነት ተሸጠ። ፊልሙ ላይ አንገቱ በገመድ ታስሮ፣ የእግሩ ጣቶች ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ፣ ለመተንፈስ ሲታገል እናያለን። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ሙዚቃ የለም። ከጀርባው ሰዎች ወደ ሥራቸው ይወጣሉ፣ ልጆች ይጫወታሉ። አንዲት ሴት ደንገጥ ብላ መጥታ ውኃ ታጠጣውና ቶሎ ትሄዳለች። ኤዲተር ሆኜ ስገምት እዚያ ቦታ ላይ "ቁረጠው፣ ረዘመ" የሚል ሰው አይጠፋም። ርዝመቱ ግን ነገሩ ራሱ ነው። ሌላው ባሪያ ለምን ገመዱን እንዳልፈታለት የምንረዳው ትዕይንቱ ስለቆየ ነው።

ኖርዝአፕ ነጻ በወጣበት ዓመት፣ በ1853፣ የራሱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል። የቅጂ መብት ዘመኑ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። እዚያ እንደጻፈው ገመዱ አንገቱ ላይ ቀርቶ፣ እጅ እግሩ ታስሮ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የዋለው እንጂ በጣቶቹ ጫፍ ተንጠልጥሎ አይደለም። ዳይሬክተሩ ለውጦታል። እኔ በለውጡ እስማማለሁ፤ የሚያይ ሁሉ ዝም እንዲል ያስገደደውን ፍርሃት አልሸፈነብንምና። እናንተ ግን የኔን ቃል አትቀበሉ። ያንን ምዕራፍ አንብቡና ትዕይንቱን ደግማችሁ እዩት፤ ካልተስማማችሁም ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ላኩልኝ።