መልስ፦ ሽጉጥ በሻንጣ ይዞ መብረር

ከዳላስ ቴክሳስ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ በአውሮፕላን ሽጉጤን ይዤ መብረር እችላለሁ ወይ ላልከው፣ ትችላለህ ወንድሜ፣ ግን በሚጫነው ሻንጣ ብቻ ነው፤ በእጅ ሻንጣ ፈጽሞ እንዳታስበው። ጥይት የጎረሰ መሆን የለበትም። ቁልፍ ባለው ጠንካራ ሳጥን ትከተዋለህ፤ ተቆልፎም ክዳኑ በጣት የሚፈለቀቅ ከሆነ አይሆንም። ቁልፉ አንተው ኪስ ይቆይ። ጥይቱን በካርቶኑ አድርገው እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትበትነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ከ5 ኪሎ በላይ አይቀበሉም። ሻንጣ የምታስረክብበት ጋ ስትደርስ ሽጉጥ እንደያዝክ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ለሠራተኛው ተናገር (ጮክ ካልክ ሰልፉ ይደነግጣል)።

ዋናው ጣጣ ዲሲ ነው። የቴክሳስ ፈቃድህ እዚያ አይሠራም፣ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ይዞ መገኘትም ወንጀል ነው። ለዲሲ የሚያገለግለው የሬገን ኤርፖርት ራሱ ያለው ከዲሲ ውጭ፣ ቨርጂኒያ ስለሆነ፣ እዚያው ዘመድ ጋ የምታርፍ ከሆነ ነገሩ ይቀላል።