አዲሱ መታጠቢያ ቤት ለምን ሻገተ?

ጥያቄ፦ ከአምስት ወር በፊት አዲስ ወደ ተሠራ ቤት ገባን። አሁን የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ጥግ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ወጥተዋል፤ በሻወሩ ዙሪያ ያለው ሲሊኮን ጠቁሯል፤ በሴራሚኮቹ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ይታያል፤ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ባለው ግድግዳ ግርጌም ቡናማ እድፍ አለ። ሁሉንም በበረኪና አጥባለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳል። ቀለም ቀቢው ሻጋታ በሚከላከል ቀለም እንደገና እንቀባው ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቀለም መቀባቱን ለጊዜው ያቆዩት። የዘረዘሯቸው አራት ነገሮች አንድ ላይ ስለታዩ አንድ ችግር ይመስላሉ እንጂ ውሃው ወደ እያንዳንዳቸው የሚመጣበት መንገድ የተለያየ ነው፤ አንደኛው እንዲያውም ከነጭራሹ ሻጋታ አይደለም። በረኪናው የማይበረክትልዎትም እድፉን እንጂ ውሃውን ስለማይነካ ነው።

በመጀመሪያ ሻጋታውን ከሌላው እንለይ። ጥቂት ጠብታ በረኪና በጥቁሩ ነጥብ ላይ አድርገው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሻጋታ ከሆነ ቀለሙ ይነጣል፤ ተራ ቆሻሻ ወይም ዝገት ከሆነ ግን እንዳለ ይቀራል። ነጩን ዱቄት ደግሞ በእርጥብ ጣት ይንኩት። ሟሙቶ የሚጠፋ ከሆነ ጨው ነው። በሲሚንቶ ውስጥ ያለ ጨው በውሃ ይሟሟል፤ ውሃው ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተን ጨውን በገጹ ላይ ትቶት ይሄዳል። ጤና አይጎዳም፤ ከሴራሚኩ ጀርባ አሁንም እርጥበት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ግን ይነግርዎታል።

አዲስ ቤት ደረቅ ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያሳስታል። ኮንክሪቱ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ሲሚንቶና የግድግዳው ልስን ሁሉ በውሃ የተቦኩ ናቸው፤ ከዚያ ውሃ የተወሰነው ሲሚንቶው ሲጠነክር ከእርሱ ጋር ይዋሃዳል፤ የተረፈው ቀስ በቀስ ወደ አየር መውጣት አለበት። በሙያው የሚነገረው 28 ቀን ኮንክሪት ጥንካሬውን የሚለካበት ጊዜ እንጂ የሚደርቅበት ጊዜ አይደለም። ለመድረቅ በግምት የምንይዘው፣ አየሩ ጥሩ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወለል አራት ወርና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። እኔ ራሴ በሥራ መጀመሪያዬ ዘመን ባለቤቱ ስለቸኮለ ገና ያልደረቀ ልስን በዘይት ቀለም ቀብቼ አስረክቤ ነበር። ቀለሙ ሳይቆይ እንደ ፊኛ አበጠ፤ ስንልጠው ከሥሩ ያለው ስቱኮ፣ ማለትም ልስኑን ለማለስለስ የሚቀባው ስስ ንብርብር፣ ሙሉ በሙሉ ሻግቶ አገኘነው። ቀለም ቀቢዎ አሁን ሊያደርግልዎት ያሰበው ያንኑ ነው ብዬ እሰጋለሁ።

እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ይምጣ ወይስ ከክፍሉ አየር፣ በግምት መወሰን አያስፈልግም። በጎንና ቁመቱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ወረቀት ያዘጋጁና፣ ገጹን አስቀድመው በጨርቅ አድርቀው፣ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ይለጥፉት። ከሁለት ቀን በኋላ ይመልከቱት። ጠል የያዘው የውጭው ገጽ ከሆነ ችግሩ የሻወር እንፋሎት ነው፤ በግድግዳው በኩል ያለው ገጽ ከረጠበ ግን ውሃው ከውስጥ እየመጣ ነው። አንዱን በጥቁሩ ጣሪያ አጠገብ፣ ሌላውን ከቡናማው እድፍ በላይ ቢያደርጉ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይመረምራሉ።

ከአራቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቡናማው እድፍ ነው። ከግድግዳ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሰፋ እድፍ አብዛኛውን ጊዜ የእንፋሎት ሥራ አይደለም። ዛሬውኑ ዳር ድንበሩን በእርሳስ ያስምሩና ቀኑን ይጻፉበት። ከዚያ በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ሁለት ሰዓት ምንም ውሃ ሳይጠቀሙ ቆይተው እንደገና ያንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ በግፊት ላይ ያለ መስመር አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ገና ነፃ አልወጡም፤ ምክንያቱም የፍሳሽ ቱቦ የሚያፈሰው ውሃ ሲለቀቅበት ብቻ ስለሆነ ቆጣሪው አያውቀውም። ለእርሱ ሌላ ፈተና አለ። ሻወሩን ግድግዳ ሳያስነኩ በቀጥታ ወደ ወለሉ ውሃ መውረጃ ለ15 ደቂቃ ይልቀቁና እድፉ የእርሳሱን መስመር አልፎ እንደሆነ በማግስቱ ይመልከቱ። ካላለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ውሃውን በሴራሚኩ ግድግዳ ላይ ይርጩ። በመጀመሪያው ጊዜ ከሰፋ ጥርጣሬው ቱቦው ላይ ነው፤ በሁለተኛው ከሰፋ ግን ውሃው በሴራሚኩ አልፎ እየገባ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ሴራሚክና በመካከሉ የሚሞላው ግራውት ውሃን የሚከለክሉ አይደሉም። ተራው የሲሚንቶ ግራውት ውሃ ይመጥጣል፤ ውሃውን የሚያቆመው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው ውሃ የማያስገባ ንብርብር ነው። ያ ንብርብር ካልተሠራ ወይም በማዕዘኑ ላይ ከተቀደደ፣ ከላይ የሚደረግ ማንኛውም ሲሊኮን ወይም ቅባት ጊዜያዊ ነው፤ ሴራሚኩን አንሥቶ እንደገና መሥራት ግድ ይላል። ቤቱ አዲስ ስለሆነም ግድግዳውን ከማስቆፈርዎ በፊት ቀን ያለበት ፎቶ አንሥተው ለሠሪው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ አንዴ ከተቆፈረ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደነበረ ማሳየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ወደ ጣሪያው ስንመጣ ሥራው ቀላል ነው። እንፋሎት ከፍ ብሎ በቀዝቃዛው ጥግ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ አየር በማይዘዋወርበት በዚያ ጥግ ሳይደርቅ ይቆያል፤ ሻጋታም ከአንድ ሁለት ቀን በላይ እርጥብ ሆኖ በቆየ ነገር ላይ ይበቅላል። አየር ማውጫ ፋን ካለ አንድ ቀጭን ወረቀት አስጠግተው ይፈትኑት፤ ወረቀቱን ስቦ ካልያዘ ይጮኻል እንጂ አይሠራም። ቱቦው እስከ ውጭ መድረሱንም ያረጋግጡ፤ ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ቦታ ላይ የተተወ ቱቦ አጋጥሞኛል፤ እንፋሎቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ከማዛወር የተለየ ጥቅም የለውም። ፋኑ ከሻወር በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ፤ የሚያወጣውን አየር የሚተካ ሌላ አየር እንዲገባም ከበሩ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ፋን ከሌለ መስኮቱን ይክፈቱ። ከሁሉ የሚረክሰው መፍትሔ ግን ታጥበው ሲወጡ ግድግዳውን ጎማ ባለው መጥረጊያ መጥረግ ነው፤ በውሃ መውረጃው የሄደ ውሃ ወደ አየር አይነሣም። የእርጥበት መለኪያ ካለዎት ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ከ60 በመቶ በታች መሆን ይገባዋል።

ጽዳቱ ከዚህ በኋላ ይከተላል። ጓንት፣ መነጽርና ማስክ ያድርጉ፤ መስኮቱን ይክፈቱ፤ ብናኙ እንዳይበተን በደረቁ አይፋቁት። በሳሙና ውሃ አጥበው አንድ ኩባያ በረኪና ከ16 ኩባያ ውሃ ጋር ቀላቅለው ይቀቡት፤ ለ10 ደቂቃ ያህል ርሶ ከቆየ በኋላ አጥበው ያድርቁት። በረኪና ጠንካራ ገጽን በደንብ ያጸዳል፤ ውስጡ ድረስ የሻገተን ልስን ወይም ጂፕሰም ግን ላዩን ያነጣዋል እንጂ አያድነውም። የራሰ ጂፕሰም ቦርድ ተቆርጦ መጣል አለበት። የሻገተው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም በቤቱ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉት።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ነጩን ጨው ለማስለቀቅ ብዙ ሰው አቼቶ ወይም ሌላ አሲድ ያነሣል። በረኪና በነካው ቦታ ላይ አሲድ ማፍሰስ የክሎሪን ጋዝ ያስነሣል፤ በጠባብና በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ከበረኪና ጋር መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። አሲድ በተጨማሪ እምነ በረድን ይበላል፤ የሲሚንቶ ግራውትንም ያሳሳል። ለጨው ደረቅ ብሩሽና እርጥብ ስፖንጅ ይበቃሉ፤ ግድግዳው ሲደርቅ መውጣቱን ራሱ ያቆማል።

የጠቆረው ሲሊኮን አይታጠብም፤ ይቀየራል። ሻጋታው ከላዩ አልፎ ውስጡ ስለገባ በምላጭ ቆርጠው ሙሉ በሙሉ ያንሡት፤ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ በደንብ ስለማይይዝ ደርቦ መቀባት ድካም ብቻ ነው። ክፍተቱን አጽድተው ቢያንስ አንድ ቀን ያድርቁት፤ ሻጋታ የሚቋቋመውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሞልተው 24 ሰዓት ውሃ አያስነኩት። ገንዳ ካለዎት ከመቀባትዎ በፊት በውሃ ይሙሉትና ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ድረስ አያፍስሱት፤ ገንዳው ሲሞላ በክብደቱ ወርዶ ክፍተቱን ስለሚያሰፋው፣ ገንዳው ባዶ ሳለ የተቀባ ሲሊኮን ሰው ሲገባበት ይላቀቃል።

ቀለም ቀቢውን የሚጠሩት የአሉሚኒየም ወረቀቱ በሁለቱም ገጹ ደርቆ ሲገኝና እድፉ ለሁለት ሳምንት ያህል የእርሳሱን መስመር ሳያልፍ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ የተጎዳውን ስቱኮ አንሥቶና ተክቶ፣ መጀመሪያ የሚቀባውን ፕራይመር አስቀድሞ፣ አስቀድሞ የነገረዎትን ሻጋታ የሚከላከል ቀለም ይቀባ፤ በደረቀ ግድግዳ ላይ እርሱም የተባለለትን ይሠራል።