ሳይታመሙ መመርመር፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

በጤና ጣቢያ የአዋቂዎች ተመላላሽ ክፍል በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ፣ ቀድሞ ቢታይ በቀላሉ ይያዝ የነበረ ሕመም ሥር ከሰደደ በኋላ ሲመጣ ነው። ለዚህ ነው ጠይቁኝ ያልኳችሁ።

ሲስተር፣ 34 ዓመቴ ነው። አሞኝ አያውቅም። ሄጄ ምን ልበል?

«ግፊቴንና ስኳሬን ልታይ ነው» በል። በቃ። አንድ የ42 ዓመት ሰው ለመንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራ መጥቶ ግፊቱ 180 በ110 ሆነ። «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለኝ። በሌላ ለካሁት፣ ያው ነው። ራስ ምታት እንኳ አልነበረውም። ግፊት እንዲህ ነው። ምንም ሳይሰማህ ልብህንና ኩላሊትህን ይጎዳል።

ቤት ስለካ አንዴ 150 አንዴ 128 ይለኛል። የቱን ልመን?

መጀመሪያ አለካክሽን እንይ። ከደረጃ ወጥተሽ፣ ከልጅ ጋር ተጨቃጭቀሽ ወዲያው አትለኪ። ቡና ከጠጣሽ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ሽንት ቤት ደርሰሽ ነይ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ጀርባሽ ይደገፍ፣ እግርሽ መሬት ይንካ፣ አታነባብሪው። ክንድሽ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ በልብሽ ትይዩ ይሁን። እየተለካሽ አታውሪ።

መለኪያው ደግሞ በሹራብ ላይ አይታሰርም። ሰልፍ ሲበዛ እኛም ባለሙያዎቹ እናደርገዋለን፣ ልክ አይደለም። «ቆይ ሹራቤን ላውልቅ» በይ።

ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ ለክተሽ ለአንድ ሳምንት ጻፊ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጤና ተቋም ሲለካ መነሻው 140 በ90 ነው። አንዲት እናት ትንሽ ሰማያዊ ደብተር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ነበር። ቀን፣ ቁጥር፣ የመድኃኒት ስም፣ ሁሉም በልጅ ልጃቸው እጅ ተጽፏል። ካርዳቸው የጠፋ ቀን ሐኪሙ በዚያች ደብተር ነው የሠራው። እባካችሁ ሁላችሁም እንዲህ ያለ ደብተር ይኑራችሁ።

መድኃኒት ጀምሬ ግፊቴ ወረደ። ልተወው?

አይ። የወረደው መድኃኒቱን ስለወሰድክ ነው። ካልተስማማህ ለሐኪምህ ንገረው፣ ሌላ ዓይነት አለ።

በባዶ ሆዴ ስኳሬ 112 ሆነ። ታምሜያለሁ?

ገና ነው፤ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ከ100 በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ወደ ስኳር ሕመም የሚያመራ መንገድ ላይ ነህ ማለት ነው። 126ና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከተገኘ ስኳር ነው። ካንተ ደረጃ መመለስ ይቻላል። ቦርጭ ቀንስ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ፣ ለስላሳ መጠጥ ተው። ከዓመት በኋላ ድገመው።

ባዶ ሆድ ማለት 8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። በዐቢይ ጾም አንዲት ሴት «ጾም ነኝ» ብላኝ ለካሁ፣ ለካስ ሽሮ በልታ ነው የመጣችው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አስረድተን አልጠየቅናትም።

ሙሉ ቼክአፕ ፓኬጅ ይጠቅማል?

ለብዙ ሰው አያስፈልግም። በዕድሜህና በቤተሰብህ ታሪክ የተመረጡ ጥቂት ምርመራዎች ይበልጣሉ።

36 ዓመቴ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ አፍራለሁ።

እህቴ፣ እረዳሻለሁ። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ ጠይቂ። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ምልክት ሳይጠብቁ እንዲመረመሩ ይመከራል። በብዙ ጤና ጣቢያ የሚሠራው በአሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ) ነው፤ የማኅፀን በሩ ላይ ይቀባል፣ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ይሆናል። ውጤቱን እዚያው ትሰሚያለሽ። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የሚገኘው ለውጥ ይታከማል። መንስኤው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ሴት ልጅ ካለሽ እንዳያመልጣት።

አሜሪካ ነኝ፣ 46 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ ለአንጀት ካንሰር ተመርመር አለኝ። አሞኝ እኮ አያውቅም።

እዚያ ከ45 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። ቀጠሮህን ያዝ።

ወንድሜ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። እኔስ?

አንተም፣ እህት ወንድሞቻችሁም፣ እናታችሁም ተመርመሩ። ባለቤትና ልጆች ካሉትም እንዲሁ። የደም ምርመራ ነው። ነፃ ከሆንክ ክትባት አለ፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ፣ ሦስቴ። በአገራችን ለሕፃናት መስጠት የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድክ ከሆነ በሕፃንነትህ አልተከተብክም ይሆናል።

ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አትጋሩ። አብሮ በመብላት ግን አይተላለፍም። ሳህን የተለየበት ወጣት ክፍላችን መጥቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ዛሬ ማታ ከወንድምህ ጋር ከአንድ ትሪ ብላ።