ጫፍ ላይ የደረሰች ኳስ

ጥያቄ፦ ፊዚክስ መማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ቀጥ ብላ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ዜሮ እንደሚሆን ገብቶኛል። ታዲያ አክስለሬሽኗስ ለምን ዜሮ አይሆንም? ፈተና ላይ ዜሮ ብዬ ጽፌ ተሳስተሃል ተባልኩ። ደግሞስ አክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ኳሷ ወደ ታች ስትመጣ እንዴት እየፈጠነች ትሄዳለች?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተሳሳቱት ብዙ ሰው በሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ጉዳዩን ረጋ ብለን ማየቱ ይጠቅማል። አክስለሬሽን የሚነግረን ኳሷ ምን ያህል እንደምትፈጥን ሳይሆን ፍጥነቷ በየሰከንዱ በምን ያህል እንደሚለወጥ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቷ ዜሮ ሆነ ማለት ለውጡ ቆመ ማለት አይደለም።

ኳሷ በሰከንድ 19.6 ሜትር ፍጥነት ተወረወረች እንበል፤ የአየሩን ተቃውሞ ለጊዜው እንተወው። ወደ ላይ ያለውን አቅጣጫ ፖዘቲቭ ብለን ከያዝን፣ ፍጥነቷ ከ1 ሰከንድ በኋላ 9.8፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ 0፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ −9.8፣ በ4ኛው ሰከንድ መጨረሻ ወደ ተወረወረችበት ከፍታ ስትመለስ ደግሞ −19.6 ይሆናል። በየሰከንዱ የሚቀነሰው ያው 9.8 ነው።

አሁን ጫፉን ጠጋ ብለን እንመልከተው። ኳሷ ጫፍ ላይ ከመድረሷ 0.1 ሰከንድ ቀደም ብሎ በሰከንድ 0.98 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ትሄዳለች፤ ካለፈች ከ0.1 ሰከንድ በኋላ በዚያው መጠን ወደ ታች ትወርዳለች። በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቷ በ1.96 ተለውጧል፤ ይህን ለ0.2 ስናካፍለው እንደገና 9.8 እናገኛለን። የፍጥነትንና የጊዜን ግራፍ ቢስሉ ቀጥ ያለ መስመር ያገኛሉ፤ መስመሩ በ2ኛው ሰከንድ የጊዜውን አግድም መስመር ሲያቋርጥ ዝንባሌው ቅንጣት አይለወጥም፤ አክስለሬሽን የሚባለውም ይኸው ዝንባሌ ነው።

ምልክቱን በተመለከተ፣ ኔጌቲቭ የሚያመለክተው አቅጣጫን እንጂ መዘግየትን አይደለም። ፍጥነትና አክስለሬሽን ምልክታቸው ሲለያይ ኳሷ እየዘገየች ትሄዳለች፤ ሲመሳሰል ትፈጥናለች። ስትወርድ ሁለቱም ኔጌቲቭ ስለሆኑ ትፈጥናለች። ወደ ታች ያለውን ፖዘቲቭ ቢያደርጉት ምልክቶቹ ሁሉ ይገለበጣሉ፤ የኳሷ ጉዞ ግን ያው ነው።

አሁንም ጥርጣሬ ካለብዎት፣ በእጅ ተይዛ የተለቀቀችን ኳስ ያስቡ። በተለቀቀችበት ቅጽበት ፍጥነቷ ዜሮ ነው፤ ነገር ግን መውደቅ ትጀምራለች። ፍጥነት ዜሮ ሲሆን አክስለሬሽንም የግድ ዜሮ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ከእጅ የተለቀቀ ነገር ሁሉ አየር ላይ በቀረ ነበር። ጋሊልዮ የሚወድቅ ነገር ለመለካት ስለፈጠነበት፣ ባዘመመ ጣውላ ላይ ኳስ ከቆመችበት እየለቀቀ ጊዜውን ከዕቃ በሚፈስ ውሃ ክብደት ይለካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ከቆመበት ተነሥቶ በእኩል አክስለሬሽን የሚሄድ ነገር በእኩል የጊዜ ክፍልፋዮች የሚያልፋቸው ርቀቶች እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ይሆናሉ። የእርስዎም ኳስ ከጫፏ ስትነሣ በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር፣ በሁለተኛው 14.7 ሜትር ትወርዳለች፤ ልክ ሦስት እጥፍ።